ደሴ ላይ ቤት ስትከራዩ መጀመሪያ የጀርባውን ግድግዳ እዩ

ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከጦሳ ተራራ ሥር እስከ ቦርከና ወንዝ ድረስ አብዛኛው ግቢ ተቆርጦ የተደለደለ ስለሆነ ብዙ ቤት ፊቱ ፀሐይ ያያል፣ ጀርባው ግን አፈር ተደግፏል። «ረከሰ» ብላችሁ የምትቸኩሉበት ክፍል ብዙ ጊዜ ይኸው አፈር የተደገፈው ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ከአፈሩ ወደ ብሎኬቱ ይሰርጋል፤ አልጋ ልብስ ይሻግታል፣ ልጅ ያስላል።

አከራይ ቤቱን ቀለም ቀብቶ ስለሚያሳይ ዓይን ብቻውን አይበቃም። የጀርባውን ግድግዳ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላችሁ በመዳፋችሁ ዳስሱት። ከሌሎቹ ግድግዳዎች ይበልጥ ከቀዘቀዘ፣ ቀለሙ አብጦ ሲነኩት ከተፈረፈረ፣ ወይም ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ካወጣ እርጥበት አለው። ቁም ሳጥን ካለ ፈቀቅ አድርጋችሁ ከኋላው አሽትቱ። በግድግዳውና በተቆረጠው አፈር መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተትና የውሃ መውረጃ ቦይ ካለ ግን ችግሩ በጣም ይቀንሳል። ቤት ለማየት ነሐሴን የሚያህል ወር የለም። ጥር ላይማ የማይደርቅ ቤት የለም!

ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ይቅርባችሁ። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ደግሞ ይገድላል።

ስለ ውሃ ደላላው «አብሽር፣ ውሃ አይጠፋም» ይላችኋል። እናንተ ግቢው ውስጥ ልብስ የምታጥበውን ተከራይ ጠይቁ፤ ፈረቃው በሳምንት ስንት ቀን ነው፣ የሚመጣውስ ቀን ነው ሌሊት? ከፍ ያለ ቦታ ላይ ግፊቱ ስለሚደክም ሮቶው ጣሪያ ላይ ቢሰቀልም ላይሞላ ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አራት ቤተሰብ በቀን አምስት አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከተጠቀመ 400 ሊትር ነው፤ 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሁለት ቀን ተኩል ነው የሚያዘልቀው። ፈረቃው ከዚያ ከራቀ የራሳችሁን በርሜል የምታስቀምጡበት ቦታ ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

መብራት ላይ ብዙ ሰው የሚጣላው በጋራ ቆጣሪ ነው። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እንዲጨምር ሆኖ የተሠራ ነው። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ውድ ወደሆነው እርከን ይወጣል፤ አምፖል ብቻ የሚያበራው ላጤም ያንኑ ዋጋ ይከፍላል። ለየቤቱ የውስጥ ቆጣሪ ካለ ደህና ነው፤ የገባችሁበትን ቀን ንባብ አከራዩ ባለበት በስልክ ፎቶ አንሱት። ምጣድ ይቻል እንደሆነም ሳትጠይቁ አትግቡ። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ለሶኬት ብቻ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ብሬከር ከሌለ ሽቦው ይግላል። «ምጣድ አይቻልም» የሚሉ እትዬ ሁሉ ክፉ አይደሉም።

ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በወሰነባቸው ስለሆነ የምትከራዩበትን አካባቢ አስተዳደር ጠይቁ። አከራይ ውል የሚሸሸው አብዛኛውን ጊዜ የኪራይ ገቢ ግብሩን ፈርቶ ነው። «በቃል እንስማማ» ካላችሁ ቢያንስ ኪራዩን በባንክ ክፈሉ፤ ደረሰኙ ይመሰክራል። ውሉ ላይ የክፍሎቹን ብዛት፣ ውሃና መብራት በማን እንደሚከፈል፣ የተሰበረ መስታወትና የማይዘጋ ቁልፍ ካለ ሳይቀር አስጽፉ። የደላላውንም ኮሚሽን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ቁረጡ፤ ከወደዳችሁት በኋላ ዋጋው ሌላ ነው።

ሥራችሁ ኮምቦልቻ ከሆነ ደሴ ተከራይቶ መመላለሱን ደግማችሁ አስቡበት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቁልቁለት ነው፣ ክረምት ጠዋት ጭጋግ ይይዘዋል። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ሞቃት ናት፤ እዚያ የምትፈትሹት እርጥበት ሳይሆን ኮርኒሱና የመስኮቱ ወንፊት ነው።

ቀብድ የምትከፍሉት ቤቱን አንዴ በቀን፣ አንዴም ከመሸ ካያችሁት በኋላ ይሁን። ማታ ባጃጁ እስከ በር ይገባ እንደሆነ፣ ወይስ አስፋልቱ ላይ አውርዷችሁ አቀበቱን በእግር ትወጡት እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።