የሳንጋራቫ ጥያቄና የእኔ የጥናት ጠረጴዛ

ሳንጋራቫ የሚባል ብራህማን ወደ ቡድሃ ቀርቦ፣ ለረጅም ጊዜ በቃሉ ያጠናቸው ቅዱሳት ቃላት አንዳንድ ቀን ጨርሶ የማይታወሱት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ብዙም ያልደጋገማቸው እንኳ ወለል ብለው የሚመጡለት ለምን እንደሆነ ጠየቀው። ንግግሩ ሳምዩታ ኒካያ በሚባለው የፓሊ ቋንቋ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ዳዊትን በቃሉ ያጠና ሰው የጥያቄውን ክብደት ወዲያው ይረዳዋል። እኔም የቡድሂዝም ተከታይ ባልሆንም፣ ትምህርቱም በመሠረቱ ከስቃይ ለመላቀቅ እንጂ ለፈተና ዝግጅት የተሰጠ እንዳልሆነ ባውቅም፣ ይህ ጥያቄ ግን የተማሪ ጥያቄ ስለሆነ የራሴ አድርጌ ወሰድሁት።

መልሱ በአንድ ዕቃ ውሃ የተመሰለ ነው። ዓይኑ ጤናማ የሆነ ሰው ፊቱን በውሃ ውስጥ ለማየት ቢሞክር፣ ውሃው በእርድና በሌላ ማቅለሚያ ከተበጠበጠ፣ በእሳት ላይ ተጥዶ ከተንፈቀፈቀ፣ በላዩ የበቀለ አረንጓዴ ነገር ከሸፈነው፣ ነፋስ ካናወጠው፣ ወይም ደፍርሶ በጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ፣ መልኩን እንዳለ ሊያየው አይችልም። ቀለሙ ምኞት ነው፤ ፍላቱ ቂምና ቁጣ፣ ሽፋኑ ድብታና እንቅልፍ፣ ሞገዱ መቅበጥበጥና ጸጸት፣ ድፍርሱም ጥርጣሬ ነው። አምስቱም በፓሊ ኒቫራና፣ ማለትም መሰናክል ይባላሉ።

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን በማዘጋጅበት ዓመት ከዚህ ሁሉ የማውቀው ጸጥ ብሎ ተቀምጦ እስትንፋስን መከታተልን ብቻ ነበር። ስለዚህ ንባብ በከበደኝ ቁጥር፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ መጽሐፉን አጥፌ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ከምሳ በኋላ በተለይ ይህ ልማድ ብዙ ሰዓት አባክኖብኛል፤ ቀድሞውንም ፈዝዞ የነበረው ልቡናዬ ይበልጥ ይፈዛል፣ ተመስጦው ወደ እንቅልፍ ይለወጣል፣ ስነቃም የማነበው ምዕራፍ እዚያው ገጽ ላይ ይጠብቀኛል። ብዙዎቻችን የቡድሂዝምን ልምምድ ከመረጋጋት ጋር ብቻ አያይዘን ስለሰማን፣ የደከመ አእምሮን ጭምር ማረጋጋት እንዳለብን እናስባለን።

ስህተቴን ያሳየኝ በዚያው ስብስብ ውስጥ ያለው የእሳት ምሳሌ ነው። ትንሽ እሳትን ማቀጣጠል የሚፈልግ ሰው እርጥብ ሣር ቢጨምርበት አይሳካለትም፤ ትልቅ እሳትን ማጥፋት የሚፈልግም ደረቅ ሣር አይጨምርበትም። እንደዚሁ ልቡና በደነዘዘ ጊዜ ወቅቱ የመርጋት ሳይሆን የመመርመርና የመትጋት ነው፤ በተቅበጠበጠ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ልብ ማለት ብቻ በሁሉም ጊዜ ይጠቅማል ይላል። ለእንቅልፍማ ቡድሃ ለደቀ መዝሙሩ ለሞጋላና የሰጠው ምክር እጅግ ተጨባጭ ነው፦ የተማርኸውን አሰላስል፣ በቃልህ ድገመው፣ ጆሮህን ጎትት፣ አካልህን እሽ፣ ተነሥተህ ዓይንህን በውሃ ታጠብ፣ ቀና ብለህ ከዋክብትን ተመልከት፣ ወዲያና ወዲህ ተመላለስ። ይህ ሁሉ ካልሠራ በቀኝ ጎንህ ተኛ ይለዋል። መተኛትም ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ግን የመጨረሻው መሆኑን ሳነብ ትልቅ ሸክም ከላዬ ወረደልኝ። አሁን ከምሳ በኋላ ቆሜ አነባለሁ፤ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላም ጸሐፊው ምን ሊያስረዳ እንደፈለገ ድምፄን አሰምቼ እናገራለሁ። እስትንፋስን መከታተልን ያቆየሁት ለማታ ነው፤ ያን ጊዜ አንዱን ጽሑፍ ሳልጨርስ ሌላውን የምከፍትበት ሰዓት ስለሆነ፣ ደረቅ ሣር መጨመሬን እንዳቆም ይረዳኛል። ስለ ምኞት ብዙ የምለው የለኝም፤ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ምኞት ስልኩ ነው፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ቀለሙ ይጠራል።

ከአምስቱ ሳልጠብቀው ብዙ ያስተማረኝ የፈላው ውሃ ነው። የምሁር ሥራ ከቁጣ የራቀ ይመስለኝ ነበር። በመመረቂያ ጽሑፌ የተጠቀምሁበትን የጥናት ዘዴ የሚተች አንድ መጣጥፍ ነበር፤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያነበብሁት ስህተት ፍለጋ ነበር። ከዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ እንደገና ስከፍተው፣ እኔ በንዴት የምከራከርለትን ነጥብ ጸሐፊው ገና በሁለተኛው ገጽ ላይ በግልጽ ተቀብሎት አገኘሁ። ዓረፍተ ነገሩ ያኔም እዚያው ነበር፤ ዓይኔ አልፎበታል፣ ልቡናዬ ግን አላየውም። ይህን የማስታወስ ችግር ልለው አልችልም፤ ያልታየ ነገር እንዴት ይታወሳል? ከዚያ ወዲህ የማልስማማበትን ጽሑፍ ስጀምር በመጀመሪያ የማስተውለው መንጋጋዬንና ትከሻዬን ነው። ከተወጠሩ ብዕሬን አስቀምጣለሁ፤ ጸሐፊው የሚለውን እርሱ ራሱ «አዎ፣ ይህን ነው ያልሁት» ሊል በሚችልበት መንገድ እስክጽፈው ድረስም አንድም ትችት አላሰፍርም።

ጥርጣሬ ግን እስካሁን ያስቸግረኛል፤ ምክንያቱም መጠርጠር የሥራችን መሣሪያ ነው። እንደሚመስለኝ ልዩነቱ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ላይ ነው። «ይህ ማስረጃ ይበቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወደ ጽሑፉ ይመልሰኛል፤ «እኔ ለዚህ ሥራ እበቃለሁ ወይ?» የሚለው ግን ከጽሑፉ ያወጣኛል፣ ሰዓታት ቢያልፉም መልስ አይሰጥም። ምሳሌው ይህን ውሃ ደፍርሷል ብቻ አላለውም፣ በጨለማ አስቀምጦታል። የፓሊ ሐተታዎችም ለጥርጣሬ ከሚያዝዟቸው መድኃኒቶች መካከል አዋቂን መጠየቅና መልካም ጓደኛ ይገኙባቸዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ምዕራፍ ለአራት ቀናት አላላውስ ሲለኝ፣ ያልገባኝን በሦስት መስመር ጽፌ ለሥራ ባልደረባዬ ላክሁለት። በማግስቱ ጠዋት ቡና ይዞ መጣና ወረቀቱን በመስኮቱ አጠገብ ዘረጋነው።