ደወሉ ሲደወል የት ነበረች?

ስታዲየም ዙሪያ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ አሰልጣኝ ነው። የስፖርት ጫማ ሻጩ፣ ዋንጫ ላይ ስም የሚጽፉት ጋሼ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ሎተሪ አዟሪው ሳይቀር። እኔ ከብሔራዊ ትያትር ወረድ ብሎ ባለ ማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ነኝ፤ ከምሳ በኋላ ማኪያቶዬን የምጠጣው ግን ከእነሱ ጋር ነው። ሌላ ጊዜ ወሬያችን የቤት ኪራይና የታክሲ ሰልፍ ነው። የሻምፒዮና ማጣሪያ ሲቃረብ ግን ሁሉም ስልኩን አውጥቶ የአትሌቶችን ሰዓት ማወዳደር ይጀምራል፤ ያኔ ማኪያቶው እንደቀረበ ይቀዘቅዛል።

ማራቶንና 10 ሺህ ላይ ብዙም አንጣላም። እሳቱ 800 እና 1,500 ሜትር ላይ ነው። ከምሩጽ ይፍጠር ጀምሮ ማርሽ መቀየር፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ድንገት መፍጠን፣ የእኛ ነው እየተባልን አድገን፣ 1,500 ላይ ሁሉም ሰው ማርሽ ይዞ ሲመጣ እንናደዳለን። በዚህ ርቀት በወንድም በሴትም የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝተን አናውቅም። ሎተሪ አዟሪው ይህን ስናገር አያምነኝም። «ገንዘቤስ?» ይለኛል። የገንዘቤ ዲባባ ወርቅ የዓለም ሻምፒዮና ነው፤ ኦሊምፒክ ላይ ያመጣችው ብር ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የስፖርት ነገር ሆኖብኝ።)

ሰዓት ጠጋኙ አቋሙ አጭር ነው፦ ፈጣኗን መላክ፣ አለቀ። ጫማ ሻጩ ነገሩን ሁሉ ወኔ ላይ ይጥለዋል። ጋሼ ደግሞ «ተባብረው አይሮጡም» ይላሉ፤ ይህንን 10 ሺህ ላይም፣ እግር ኳስ ላይም፣ የዕድር ስብሰባ ላይም ይሉታል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ልጅቷ የት ነበረች? ስንተኛ? ከውስጥ ነው ከውጭ? ፊቷ ክፍት ነበር ወይስ ሦስት ጀርባ?

ሰዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ መሐመድ አማንን እንዴት እናስረዳዋለን? ለንደን 2012 ላይ 800ን በ1:43.20 ሮጦ 6ኛ ወጣ። በዓመቱ ሞስኮ ላይ በ1:43.31 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዘግይቶ ወርቅ ወሰደ ማለት ነው። ሰዓት ጠጋኙ «ሞስኮ ላይ ሩዲሻ አልነበረማ!» ይላል፤ ለንደን ላይ ያሸነፈውን ኬንያዊ ማለቱ ነው። ልክ ነው፣ ተጎድቶ ነበር። ግን ይኸው አማን ሩዲሻን 2011 ሚላኖ ላይ፣ 2012 ደግሞ ዙሪክ ላይ ቀድሞታል። ሩዲሻን ከፊት ሆኖ የሚያሸንፈው አልነበረም። አማን ከኋላው ተለጥፎ፣ ጉልበቱን ለመጨረሻው ቀጥታ አቆይቶ ነው ያለፈው።

ሳሙኤል ተፈራ ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። 2018 በርሚንግሃም ላይ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና 1,500ን ያሸነፈው በ3:58.19 ነው። ይህን ሰዓት ሴቶቹም ይሮጡታል። በ2019 የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የካቲት 2022 ላይ ኖርዌያዊው ያኮብ ኢንገብሪግትሰን ወሰደበት። ወር ከጥቂት ቀን ቆይተው ቤልግሬድ ላይ ተገናኙ። ሪከርዱ የኖርዌዩ፣ ሰዓቱ የኖርዌዩ፣ ወሬው ሁሉ የኖርዌዩ ነበር። ሳሙኤል ከኋላው ሆኖ ጠበቀና መጨረሻው ላይ አልፎት በ3:32.77 ገባ። በ3:58ም በ3:32ም ወርቅ የሚያመጣ ሰው ማርሹ ብቻ አይደለም ጥሩ፤ የሚቆምበትን ቦታ ያውቃል።

አሁን ወደ ሴቶቹ፣ ማለትም ወደ ጥሉ።

2015 የገንዘቤ ዓመት ነው። ሐምሌ ላይ ሞናኮ 3:50.07፣ የዓለም ክብረ ወሰን። ነሐሴ ላይ ቤጂንግ፣ ፍጻሜው አሯሯጭ (ፍጥነት ለማውጣት ብቻ ከፊት የሚሮጥ) የለው፣ መጀመሪያው የእግር ጉዞ ነበር። ገንዘቤ ሁለት ዙር ገደማ ሲቀር ተነሳችና የመጨረሻውን 800 ከ1:58 በታች ሮጠችው። ብቻውን እንደ 800 ሜትር ውድድር ብትወስዱት እንኳ ጥሩ ሰዓት ነው። በ4:08.09 አሸነፈች። ሁለተኛ የወጣችው አንዲት የ21 ዓመት ኬንያዊት ነበረች፤ ፌይዝ ኪፕዬጎን።

በዓመቱ ሪዮ። ያው ቀርፋፋ አጀማመር፣ ያችው ገንዘቤ፣ ያው ከሩቅ መነሳት። በዚህኛው ግን ኪፕዬጎን ስትጠብቃት ነበር። ገንዘቤ ስትነሳ አብራ ተነሳች፣ ተለጠፈች፣ 200 ሜትር ገደማ ሲቀር አለፈቻት። 4:08.92 ለኪፕዬጎን፣ 4:10.27 ለገንዘቤ። ጫማ ሻጩ «ወኔ አጣች» ሲል የምናደደው ለዚህ ነው። ከ700 ሜትር ርቀት መነሳት ወኔ ካልሆነ ወኔ ምንድን ነው? የጎደለው ሌላ ነበር። ቤጂንግ ላይ የሠራው ታክቲክ ሪዮ ላይ የታየ ካርታ ነበር፣ ያየችው ደግሞ ካርታውን በቅርብ ርቀት ሆና ያጠናች ሰው ነበረች።

ፓሪስ 2024ን ካነሳን ሻይ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ጉዳፍ ፀጋይ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሺያመን ውስጥ 3:50.30 ሮጣለች፤ ሰዓት ጠጋኙ ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። ፍጻሜው ላይ ከፊት ወጥታ በፍጥነት ጎተተችው። ኪፕዬጎን በ3:51.29 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ስታሸንፍ ጉዳፍ 12ኛ ገባች። ያን ቀን ስድብ የሰማሁትን ያህል አንድም ሰው በዋዜማው 10 ሺህ መሮጧን ሲያነሳ አልሰማሁም። ሃያ አምስት ዙር በሮጡ ማግስት! ጋሼ ብቻ ናቸው «እግሯ ከብረት ነው እንዴ?» ያሉት፤ ለዚያች ቃል ስል የዕድሩን ነገር ይቅር ብያቸዋለሁ።

ቢሆንም ታክቲኩን አልወደድኩትም። ኪፕዬጎን ቀርፋፋ ሩጫም ታሸንፋለች፣ ፈጣን ሩጫም ታሸንፋለች፤ ፈጣን ሲሆን ግን የሚያስፈራት ነገር ሁሉ ይቀርላታል። የመጨናነቅ፣ የመዘጋት፣ የመጠላለፍ ነገር የለም። መንገዱን ጠርገን ሰጠናት።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ውድድር ያለው ቦታ 4ኛው ነው። ድርቤ ወልተጂ 3:52.75 ሮጣ፣ ነሐሱን እንግሊዛዊቷ ጆርጂያ ቤል በ3:52.61 ወሰደችባት። ልዩነቱ 0.14 ሰከንድ። በዚያ ፍጥነት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ስል ጋሼ ለዋንጫ ጽሑፍ የሚለኩበትን ወረቀት ዘረጉና እዚያው አሰላነው። የመሙ አንድ መስመር ስፋት 1.22 ሜትር ነው። አንዱን ኩርባ ሙሉ በሁለተኛው መስመር የሮጠ ሰው ውስጡን ከያዘው ወደ 3.8 ሜትር ይበልጥ ይሮጣል። 1,500 ውስጥ ሰባት ኩርባ አለ። ድርቤ ከውጭ ሮጠች አላልኩም። አንድ ኩርባ ላይ የሚባክነው ግን ያንን ነሐስ አራት ጊዜ ይገዛል።

አልፎ አልፎ ከእኛ ጋር የሚቀመጥ የክለብ ሯጭ ልጅ አለ፣ 800 የሚሮጥ። ሁላችንም ስንጮህ እሱ ሳምቡሳውን ይበላል። ያን ቀን ወረቀቱን አየና «እትዬ፣ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ግን ውስጥ ከሆንክ ይዘጉሃል፣ ውጭ ከሆንክ ይረዝምብሃል። ሰው የሚመርጠው የቱን እንደሚፈራ ነው» አለኝ። ጫማ ሻጩ ዝም አለ፣ ይህም በእኛ ሻይ ቤት ብርቅ ነው።

ስለ አሯሯጥ ቅርጽም እንከራከራለን፣ ግን ቶሎ ይሰለቸኛል። አንዷ ትከሻዋን ታነሳለች፣ አንዷ ጭንቅላቷን ትወዘውዛለች። ኃይሌ ደብተር እንደያዘ ተማሪ ግራ እጁን አጥፎ ዓለምን አሸንፏል። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፤ 1,000 ሜትር ላይ ዘና ብሎ የነበረ ክንድ 1,200 ላይ ወደ ደረት ከወጣ ማርሹ እንደሌለ ነግሮኛል።

ማጣሪያውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ የሚሮጥ ሰዓት አያምርም፤ ስለዚህ ነው 2021 ላይ ለቶኪዮ የተደረገው ማጣሪያ እስከ ሆላንድ፣ ሄንግሎ የሄደው። እዚያ ለተሰንበት ግደይ 10 ሺህን በ29:01.03 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ማጣሪያ ላይ! ቶኪዮ ግን ሲፋን ሐሰን በ29:55.32 ስታሸንፍ ለተሰንበት በ30:01.72 ነሐስ አገኘች። ነሐስ ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም። ማጣሪያው ያሳየን ሞተሩን ነበር፤ ሲፋን ደግሞ እስከ መጨረሻው ዙር ቆይታ የምትነሳ ሰው ናት።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ 800 እና 1,500ን ያለ አሯሯጭ አሩጧቸው፣ የፈለገው ያህል ይቀርፍፍ፣ ቀድመው የገቡት ሦስቱ ይሂዱ። ጽጌ ዱጉማ ግላስጎው ላይ የቤት ውስጥ 800 ወርቋን የወሰደችው በ2:01.90 ነው፤ ፓሪስ ላይ ደግሞ በ1:57.15 ብር። ቀርፋፋ ማሸነፍ የቻለች ፈጣኑንም ቻለች።

ሰዓት ጠጋኙ ጥሩ መልስ ሰጠኝ፣ አልደብቅም። «ሰዓት ዘመድ የለውም» አለ። «በዐይን መምረጥ ከጀመርን ‹ታክቲክ ታውቃለች› እየተባለ የማን ልጅ እንደምትሄድ ታውቂያለሽ።»

«በዐይን ማን አለ? ቀድማ የገባች አልኩ እንጂ።»

«4:15 ሮጣ ብታሸንፍስ? 3:54 ያላትን አስቀርተሽ እሷን ትልኪያለሽ?»

«3:54 ያላት አብራት ሮጣ ከተሸነፈች አሸናፊዋን እልካለሁ።»

«የተሸነፈችው ታማ ነበር ቢሉሽስ?»

ለዚህኛው መልስ ሳልሰጥ የምሳ ሰዓት አለቀ። ጋሼ ሒሳቡን ከፍለው ነበር፣ ወረቀቱንም አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ማጣሪያው ቀን ይዘውት እንደሚመጡ ነግረውናል።