አምላክ መኖሩን ለመከራከር ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ ወጣሁ

የመጀመሪያውን ክርክር ጨርሼ ከመድረክ ስወርድ የአጥቢያችን ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው ሳይበርድ ከኋላ በኩል አንዲት ልጅ ቦርሳዋን አንስታ፣ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ አየሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት አብረን ያገለገልን፣ ከበሮ ስትመታ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያያት ልጅ ናት። የሚያስቸኩላት ነገር ቢኖር ነው ብዬ አለፍኩት። ለምን እንደወጣች ያወቅኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

በልጅነቴ ድቁና ተቀብያለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ እንግሊዝ አገር ከመጣሁ በኋላ በከተማችን ባለችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየዓመቱ አንድ አማኝና አንድ ኢ-አማኒ ጋብዘው «አምላክ አለን?» በሚል ርዕስ በሕዝብ ፊት ያከራክራሉ። በዚያ ዓመት የተጠሩት አማኝ ታመው ቀሩና እኔ ተተካሁ። ተቃራኒዬ በዕድሜ የገፉ የፍልስፍና መምህር ነበሩ፤ አባታቸው የፕሮቴስታንት ሰባኪ እንደነበሩ፣ እሳቸውም እስከ ሃያ ዓመታቸው ቤተ ክርስቲያን ሳይቀሩ ያደጉ መሆናቸውን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ለመክፈቻ ንግግር 12 ደቂቃ፣ ለመልስ 7 ደቂቃ ተሰጠን። እኔ በ12 ደቂቃ ውስጥ ሰባት ማስረጃ ደረደርኩ። የፍጥረት ሥርዓት፣ የሕሊና ድምፅ፣ የዓይን አፈጣጠር፣ የቅዱሳን ተአምራት፣ ሌላም ሌላም። ከሰባቱ አንዱ የዓይን አፈጣጠር ነበር፤ እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር በየጥቂቱ ሊገኝ አይችልም አልኩ። መምህሩ ሰባቱንም ደቂቃ በእሱ ላይ አዋሉት። ብርሃንና ጨለማን ብቻ ከሚለይ የሴሎች ጥፍጥፍ ጀምረው፣ ጎድጓዳ ዓይን ያላቸውን፣ ሌንስ ያላቸውን፣ ዛሬ በሕይወት ያሉ ፍጥረታትን አንድ በአንድ እየጠሩ ደረጃ በደረጃ ወጡ። የቀሩት ስድስቱ ማስረጃዎቼ ተረሱ። አሜሪካ ውስጥ ዱዌን ጊሽ የሚባል የዝግመተ ለውጥ ተቃዋሚ እንዲህ መከራከሪያ እያከታተለ በማዝነብ ይታወቅ ስለነበር፣ ዩጂኒ ስኮት የተባለች አንትሮፖሎጂስት ልማዱን በእሱ ስም ጠርታዋለች። የጊሽ ግልቢያ እንደማለት ነው። የሚያዘንበው ሰው ብርቱ የሆነ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ለተቃራኒው ደካማውን እንዲመርጥ ዕድል መስጠቱ ነው።

ስሸነፍ ተሰማኝ። ስሸነፍ ደግሞ አፌ ወደለመደው ሄደ። «መዝሙረኛው አስቀድሞ ተናግሮታል፤ ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» አልኩ። በመጽሐፉ ቋንቋ ሰነፍ ሥራ የሚጠላ ሳይሆን ማስተዋል የጎደለው ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ተነስተው ያጨበጨቡት ለዚህች ነው።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። አንድ ዘመዳችን ምስሉን ልኮላት አይታለች። «እግዚአብሔር ጠበቃ አቁሙልኝ ብሎሃል?» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ ከልቧ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ልጅቱ የነገረችኝ በፍልሰታ ሰሞን ነው። ከቅዳሴ በኋላ እኔና እሷ ብቻ ቀርተን ወንበር እያነሳን ነበር። ሦስት ዓመት ሆነኝ አለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አላምንም። ታናሽ ወንድሟ ሲታመም ጸበል ወስደውት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሱባኤ ይዞለት፣ ልጁ በዐሥራ አንደኛው ቀን አረፈ። ወደ ክርክሩ የመጣችው ከአገሯ ሰዎች አንዱ ለዚህ የሚለው ነገር ካለ ልትሰማ ነበር። «የተከራከርከው ከመምህሩ ጋር ነው፤ የመታኸው ግን እኔን ነው» አለችኝ። «ቤት አልተናገርኩም። እናቴ ብትሰማ ሌላ ሱባኤ ትገባለች።»

ያን ቀን ስለ ክርክር የማውቀው ሁሉ ተገለበጠብኝ። በአገራችን የሃይማኖት ክርክር ሲባል የምናውቀው አማኝ ከአማኝ የሚያደርገውን ነው። ከሃዲ የሚባለው ሰው ሁልጊዜ ሩቅ አገር ያለ ነው፤ በአባቴ ዘመን ደግሞ በቀበሌው የውይይት መድረክ የማርክሲዝምን ትምህርት የሚያነበው ካድሬ ነበር። ያኔ ሃይማኖት የለሽነት የመጣው ከሥልጣን ጋር ተጣምሮ ነው፤ ተጠየቅ ተብሎ የሚሞገት አልነበረም። ስለዚህ ኢ-አማኒ ሲባል የሚታየን ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው። ከጎናችን ቆሞ ወንበር የሚያነሳ፣ የሚፈራንና የሚወደን ሰው አይታየንም።

በሚቀጥለው ዓመት እኚሁ መምህር «ከዚያ ልጅ ጋር ድጋሚ እከራከራለሁ» ብለው ሲያስጠሩኝ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እሷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የእሳቸውን ቦታ ይዘሽ ተከራከሪኝ አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «የማልራራልህ ከሆነ እሺ» አለች።

አራት ቅዳሜ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀመጥን። ቡናው በሦስቱም ዙር ይፈላል፤ እኔ እናገራለሁ፤ እሷ ጽሑፌን ይዛ በእርሳስ ትከተላለች። የራሴ ያልሆነ፣ ከሌላ አፍ ተውሼ ያመጣሁት ነገር ስናገር በማንኪያ ሲኒውን ትመታለች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲኒው አላረፈም። ከሰባቱ ማስረጃዎች የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ማንኛውም ነገር ራሱ ባይኖር ይችል ነበርና፣ ታዲያ ስለምን ምንም ነገር አለመኖሩ ቀርቶ አንድ ነገር ኖረ? እኔ በልጅነቴ ቅዳሴ ማኅሌት ቆሜ የገረመኝ ይኸው ነበር። እሱን ስናገር ማንኪያዋን አስቀመጠች።

በዚያው ሰሞን ሁለት ነገር አደረግኩ። ኦክስፎርድ ሄጄ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1860 ጳጳሱ ሳሙኤል ዊልበርፎርስና የዳርዊን ደጋፊ የነበረው ሳይንቲስት ቶማስ ሀክስሌይ በዳርዊን ትምህርት የተጋጩበትን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አየሁ። ከደጃፉ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ጳጳሱ «ከዝንጀሮ የተወለድከው በአያትህ ወገን ነው በሴት አያትህ?» ማለታቸውንና ሀክስሌይ የሰጠውን ስለታም መልስ ነው። ቃል በቃል የያዘው ግን አልነበረም፤ የተረፈው ከዚያ በኋላ የተጻፈ የተለያየ ትዝታ ነው። ዊልበርፎርስ በዚያው ወቅት በዳርዊን መጽሐፍ ላይ ረጅም ሒስ ጽፈው ነበር፤ ዳርዊን ራሱ ለወዳጁ ሲጽፍ እጅግ ብልህነት ያለበት ነው ብሎለታል። ያ ሒስ ዛሬ የሚታወሰው በጥቂቶች ነው፤ ዝንጀሮዋን የማያውቅ የለም። ድንጋዩ ፊት ቆሜ ያሰብኩት የራሴን «ሰነፍ» ነበር።

ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በቢቢሲ ሬድዮ ፈላስፋው በርትራንድ ራስልና ካቶሊካዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፍሬደሪክ ኮፕልስተን ያደረጉትን ክርክር ደጋግሜ አነበብኩ። ኮፕልስተን የጀመሩት ማስረጃ በመደርደር አይደለም፤ አምላክ ስንል ከዓለም የተለየ፣ ዓለምን የፈጠረ፣ ሕያው አካል ማለታችን ነው፣ ይህን ትቀበላለህ? ብለው ጠየቁ። ራስል ተቀበሉ። ቀጥለው አቋምህ አምላክ እንደሌለ ማረጋገጥ ይቻላል ነው ወይስ አይታወቅም ነው? አሏቸው። አይታወቅም አሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሙግቱ ገቡ። ራስል ጽንፈ ዓለሙ አለ፣ በቃ፣ ከዚያ ያለፈ ምክንያት አይጠየቅበትም አሉ፤ ኮፕልስተን ደግሞ ጥያቄው ራሱ ትርጉም የለውም ካልክ መነጋገሩ እጅግ ይከብዳል አሉ። ማንም አልተረታም። ያልተስማሙበት ቦታ ግን ጥርት ብሎ ይታያል፤ እኔ ባደረግኩት ክርክር ያልነበረው ይኸው ነው።

ስለዚህ የመምህሩን አቋም በአንድ ገጽ ጽፌ በፖስታ ላክሁላቸው። እርስዎ የሚሉት ይህ ነው? ብዬ። በሳምንቱ ሁለት ቦታ ታርሞ ተመለሰልኝ። «ኢ-አማኒ አምላክ እንደሌለ የሚያውቅ ነው» ያልኩትን ሰርዘው «ለማመን በቂ ምክንያት ያላገኘ» ብለው አርመዋል። «አምላክ ከሌለ ግብረ ገብ የለም ይላሉ» ያልኩት ጎን ደግሞ «የለም አልልም፤ ከሰው ውጭ ባለቤት አያስፈልገውም እላለሁ» ብለዋል። ዓመት ሙሉ ስሞግት የኖርኩት እሳቸው ካላሉት ነገር ጋር ነበር።

አያቴ በወጣትነታቸው በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱ ያዩ ሰው ናቸው። ሲያወሩልን ከበትሩ ወርውር፣ ከነጠላው ጣል ጀምሮ ነበር፤ አንደበቱ የሰላ ሰው ዳኛውንም አላፊ አግዳሚውንም ይማርካል። እኔም ክርክር ሲባል በልቤ ያለው ያ ነበር። የኔታ ያስተማሩኝ ግን ሌላ ነው። በአንድምታው ትርጓሜ አንዱን ንባብ ከነሙሉ ክብሩ ይሰጡህና «አንድም» ብለው ሌላውን ከጎኑ ያቆሙታል፤ ሁለተኛውን ለማምጣት የመጀመሪያውን አያዋርዱም። ይህን ሀብት ይዤ መድረክ ላይ የወጣሁት በበትር ነው።

በሁለተኛው ክርክር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች የመምህሩን አቋም ለማስረዳት ሰጠሁ። እሳቸው ያረሙትን ገጽ በራሴ አንደበት ተናገርኩት። የእኛ ሰዎች እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። አንድ አባት ኋላ ላይ «ለእነሱ ነው የምትሰብከው?» ብለው ወቅሰውኛል። መምህሩ ግን እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ከዚያ በቀሩት ዘጠኝ ደቂቃዎች አንዷን ማስረጃዬን ብቻ አቀረብኩ። ለመልስ ሲነሱ የእኔን ቃል ራሳቸው መልሰው ተናገሩት፤ ከእኔ የተሻለ አድርገው። «ጽንፈ ዓለሙ አለ፣ በቃ» የሚለው መልስ እኔንም ሙሉ በሙሉ አያሳርፈኝም፤ ግን ያልተመለሰ ጥያቄ ይዤ መኖርን እመርጣለሁ አሉ። ይህን በመጀመሪያው ክርክር ሊሉት አይችሉም ነበር፤ አንዲት የተከፈተች በር ካሳዩን «ሰነፍ» እያልን የምንገባባቸው ሰዎች ነበርንና።

ከታዳሚ ጥያቄ ሲጀመር በሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ ተነሳች። ማታ ማታ ለወላጆች ምን ልበል? አለች። መምህሩ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1755 ሊዝበንን ያወደመውን የመሬት መንቀጥቀጥ አነሱ፤ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበርና ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያለ ጣሪያ ተናደበት። እኔ ወደ ታዳሚው ስመለከት ልጅቱ አራተኛው ረድፍ ላይ ናት። የተዘጋጀሁትን መልስ ተውኩት። በሕፃን አልጋ አጠገብ ቆሜ ልናገረው የምደፍረው ማብራሪያ የለኝም አልኩ። የማምነው ጌታ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፤ ይህ ለጥያቄሽ መልስ አይደለም፤ እኔ ለምን እዚህ እንደቀረሁ ብቻ ይናገራል አልኩ። አዳራሹ ዝም አለ። ያጨበጨበ የለም።

ስንት ሰው ሐሳቡን ለወጠ? ለሚለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ቶሮንቶ ላይ የቀድሞው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌርና ኢ-አማኒው ጸሐፊ ክሪስቶፈር ሂችንስ ሃይማኖት ለዓለም በጎ ኃይል ነው ወይስ አይደለም በሚለው ሲከራከሩ ታዳሚው በፊትና በኋላ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ሲገቡ ያልወሰኑት 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሲወጡ 68 በመቶው ለሂችንስ፣ 32 በመቶው ለብሌር ሆነ፤ ያልወሰኑት ወደ ሁለቱም ወገን በግማሽ ያህል ተከፈሉ ማለት ነው። ከአምስት ሰው አራቱ ውሳኔውን ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው። ዛሬ የምዘጋጀው ለአምስተኛው ነው። አምስተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ እጁን አያወጣም።

ልጅቱ ወደ እምነት አልተመለሰችም። እናቷም ገና አልሰማችም። ከክርክሩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ቡና ላይ የንግግሬን ወረቀት ሰጠችኝ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ለራስል የመለስኩበትን አንቀጽ ዙሪያውን በእርሳስ ከብባዋለች።

«ይህቺ አሁንም የተዋስካት ናት» አለች። «በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተካክለህ ና።»