ሽሮ በእጅጌ፣ በርበሬ በካልሲ

ቦርሳው የተውሶ ነው። አንድ ጓደኛዬ ከውጭ ይዞት የመጣ፣ ሲታዘል ከጭንቅላት በላይ የሚወጣ ዓይነት። ሲያውሰኝ አንድ ምክር ጨመረልኝ፦ «ከአሥር ኪሎ እንዳታሳልፍ። ወገብህ አንድ ነው።»

እኔም አላሳለፍኩም። ሦስት ቲሸርት፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ሹራብ፣ አራት ጥንድ ካልሲ፣ ሳሙና፣ ቻርጀር። ሰፈራችን ባለው ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዘንኩት። ሰባት ኪሎ ተኩል! ኩራቴን ብታዩት።

ከዚያ እማዬ አየችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቦርሳዬ ነዋ።»

«ባዶ ነው እኮ!»

የምሄደው ኬንያ ነው፣ በየብስ። ለምን ኬንያ? ለእኛ ቪዛ አያስፈልግም፣ አውቶቡስ ያደርሳል፣ እኔ ደግሞ ገንዘብ የለኝም። ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ካርድ ከተያዘ በቃ። (ካርዱን ግን በመጨረሻው ቀን አትሩጡለት። ክትባቱ የሚቆጠርላችሁ ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው።)

«በሰው አገር ምን ልትበላ ነው?» አለች እማዬ።

«ኬንያ ምግብ አለ እኮ።»

«ማን ያውቀዋል እጃቸውን?»

እዚህ ላይ ስለ እማዬ ፌስታሎች መናገር አለብኝ። ኩሽና በር ጀርባ፣ ሚስማር ላይ አንድ ትልቅ ፌስታል ተንጠልጥሏል። ውስጡ ያሉት ፌስታሎች ናቸው። ታጥበው፣ ደርቀው፣ ሦስት ማዕዘን ሆነው ታጥፈው። ከልብስ ቤት የመጡት ወፍራሞቹ ከታች ናቸው፤ ለክፉ ቀን። የእኔ ኬንያ መሄድ ክፉ ቀን ተብሎ ተመደበና ወፍራሞቹ ወጡ።

በርበሬ ሁለት ኪሎ። ሽሮ ሦስት ኪሎ። በሶ። ዳቦ ቆሎ። ሁሉም እንዳይፈስ በድርብ ፌስታል። ይሄ ሁሉ ሲታሰር ጎረቤታችን ሰምተው መጡ። ናይሮቢ የእህታቸው ልጅ አለ።

«ትንሽ ነገር ናት፣ አደራ» አሉኝ።

«ትንሽ ነገር ናት» የተባለ ዕቃ ከሁለት ኪሎ አንሶ አይቼ አላውቅም። ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ክብደት የለውም ትላላችሁ፤ ቦታውን ግን ጠይቁኝ። ከቦርሳዬ አንድ ሱሪ ወጣና ድርቆሹ ገባ። ወደ ሱቁ ተመልሼ ልመዝነው ስል ባለሱቁ ከሩቅ አየኝና «ሚዛኔን እንዳትሰብርብኝ» አለ።

ሞያሌ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀ። ዲላ አደርን፣ ያቤሎን አለፍን። በየመውረጃው ቦርሳዬን ሳዝል ሰው ሁሉ የስደተኛ ያህል በሐዘኔታ ያየኝ ነበር። መውጫው ቀላል ሆነ። ፓስፖርቴ ተመታ፣ ካርዴ ታየ። ከዚያ የጉምሩኳ ሴትዮ ቦርሳዬን ከፈተች።

«ሂ ኒ ኒኒ?»

ምንድነው ማለቷ ነው። በርበሬውን ያለች መስሎኝ «ፒሊፒሊ፣ ፒሊፒሊ» አልኩ። የተዘጋጀሁበት ቃል እሱ ነበር። እሷ ግን በርበሬውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። በሁለት ጣቷ ፌስታሉን ቆንጠጥ አድርጋ ከፍ አደረገችው። እንደ ሞተ አይጥ።

ለካ ኬንያ ከ2009 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። መያዝ የለም፣ ይዞ መግባት የለም። ከኋላዬ የተሰለፈ የሞያሌ ነጋዴ ነው ደስ እያለው የነገረኝ።

«እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ ይቀጣል፣ ወንድሜ። ወይም እስከ አራት ዓመት እስር።»

ፌስታሎቹን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ናቸው። አራት ሲባዛ በአሥራ አንድ፣ አርባ አራት ዓመት። እኔ ሃያ ስድስቴ ነው። ስፈታ ሰባ ልሞላ ነው።

ሴትዮዋ ደግ ሆነችልኝ። ፌስታሉን እዚሁ ተው፣ ዕቃውን ይዘህ ግባ አለችኝ። በምን ይዤ? እሱን አላለችም። እጇን አጣምራ ቆመች። ሰልፉም ቆመ።

ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚያስብ ያን ቀን አየሁ። ካልሲ አወጣሁ። በርበሬው አራት እግር ካልሲ ሞላ፤ አፋቸውን በጫማ ክር አሰርኩ። ሽሮው ይከብዳል። ሹራቤን አወጣሁና የቀኝ እጅጌውን ከታች ቋጥሬ ገለበጥኩበት፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ቋጠርኩት። የአደራውን ድርቆሽ በቲሸርት ጠቀለልኩ። ዳቦ ቆሎው ኪሴ ገባ። በሶውን ለነጋዴው ሰጠሁት፤ አፉን እንዲይዝልኝ። በርበሬው ሲገለበጥ ነፋስ ነበር። ሰልፉ በሙሉ አስነጠሰ። ኢትዮጵያዊ ሳይል፣ ኬንያዊ ሳይል።

ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ አስፋልት፣ ኬላው ግን ብዙ ነው። በየኬላው ፖሊስ ባትሪ ይዞ ይገባል። እኩለ ሌሊት ላይ አንዱ የእኔን ቦርሳ ከፍቶ እጁን ሰደደ። የሆነ ነገር ጨበጠ። ጨበጠ... ፊቱ ተለወጠ። ባትሪውን አበራበት። የሹራብ እጅጌ፣ ውስጡ ጥብቅ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ክርን ያለው የሚመስል ክንድ።

«ሽሮ ነው» አልኩት በአማርኛ። ሌላ ቋንቋ ሁሉ ጠፋኝ። ከፍቶ አሸተተ። ከኋላ ወንበር አንድ የአገሬ ልጅ «አቤት ሽታው!» አለና ሳቁን ለቀቀው። ፖሊሱም ሳቀ። አለፍን።

ናይሮቢ በሐምሌ ብርድ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ኬንያ ሲባል አንበሳና ፀሐይ ነበር የሚታየኝ። ሹራብ አለኝ፤ ግን አንድ እጁ ሥራ ላይ ነው። ስምንት አልጋ ያለበት ርካሽ ማደሪያ ይዤ በአንድ እጅጌ ተኛሁ፤ ሽሮው እንደ ሕፃን ጎኔ ተጋድሞ። ከላዬ ያለው አልጋ ላይ ስምንት ወር ሲዞር የከረመ ጀርመናዊ ነበር። የእሱ ቦርሳ የተማሪ ቦርሳ ያህላል። ሁለት ቲሸርት አለው፤ ማታ አንዱን ያጥባል፣ ጠዋት ይለብሳል። ካልሲዬን አይቶ ምንም አልጠየቀም። ብዙ አገር ያየ ሰው አይጠይቅም።

በነጋታው መንገድ ስሻገር ሊገጨኝ የነበረውን መኪና አልቆጥረውም። መኪናው እዚያ በግራ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ፣ አደራ። ሌላ፣ ሲም ካርድ በፓስፖርታችሁ ቶሎ አውጡ፤ ሙዝ የሚሸጠውም ሰው ገንዘብ የሚቀበለው በኤምፔሳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሌቴ ልምጣ።

ሞምባሳ ልሄድ ቲኬት ቆረጥኩ። ሰዓቱን ጠየቅኩ። ቲኬት ቆራጩ «ሳ ታቱ አሱቡሂ» አለኝ። ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መሆናቸውን መንገድ ላይ ለምጃለሁ። አሱቡሂ የባሱ ስም መሰለኝ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ። ከአገር ስትወጣ ሰዓት እንደሚለወጥ አውቃለሁ። የእነሱ ሦስት በእኛ ዘጠኝ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ቲኬቱን አየሁት። «9፡00» ይላል። አያችሁ! ጭራሽ በእኛ ቀይረው ጽፈውልኛል። እንዴት ያለ መስተንግዶ ነው ብዬ ተደነቅኩ።

በነጋታው ተኝቼ አረፈድኩ። ሻይ ጠጣሁ። ምሳ በላሁ። ስምንት ተኩል ሲሆን፣ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ፣ እንደ ሠለጠነ ሰው ደረስኩ።

ባሱ የለም።

«ሳ ታቱ!» አልኩት ቲኬት ቆራጩን፣ ቲኬቱን እያሳየሁ።

«ሳ ታቱ» አለኝ እሱም፣ ራሱን እየነቀነቀ። «ሄዷል።» ከዚያ አዝኖ «ፖሌ ሳና» አለኝ።

ፖሌ ፖሌ ቀስ በቀስ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ «በጣም ቀርፋፋ ነህ» ያለኝ መሰለኝ። ባስ አምልጦኝ፣ ገንዘቤ ተበልቶ፣ ስድብ ተጨምሮ! በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተናገርኩት። ሰውዬው ደጋግሞ «ፖሌ፣ ፖሌ» ይለኛል። ይባስ ብሎ!

የአደራውን ድርቆሽ ከሞምባሳ ስመለስ አደርሳለሁ ብዬ ነበር። አሁን መሄጃ ስለሌለኝ ያን ማታ ኢስሊ ሄድኩ። ናይሮቢ ውስጥ አበሻ የሚበዛበት ሰፈር ነው። የጎረቤታችን የእህት ልጅ ቡና እያፈላ ታሪኬን ሰማ። መሀል ላይ ጀበናውን አስቀምጦ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መሳቅ አቅቶት ነው።

«ስዋሂሊ እኮ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው» አለኝ። «ፀሐይ ከወጣች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ። ሳ ታቱ ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በቃ፣ ሦስት!»

«9፡00ውስ?»

«እሱ በፈረንጅ ነው። ያው ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«አሱቡሂስ?»

«ጠዋት።»

ዝም አልኩ። ሰዓት መቀየር የማያስፈልገኝ አገር ገብቼ ቀየርኩ። መቀየር የነበረበትን ቲኬት ደግሞ እንዳለ አነበብኩ። አንዱ ስህተት ሌላውን መሰከረለት።

«ፖሌ ሳና ብሎ የሰደበኝስ?»

«በጣም አዝናለሁ ነው ያለህ።»

ድርቆሹን ከቲሸርቱ ፈታሁለት። በርበሬውንም ሰጠሁት፤ ካልሲ መሸከም ሰልችቶኛል። ደስታው ልክ አልነበረውም። ዕቃ አምጥቶ መገልበጥ ከጀመረ በኋላ ቆም አለ።

«ካልሲው የታጠበ ነው?»

«ምን ነካህ!» አልኩት። መሐላ ግን አልገባሁም።

ሌላ ቲኬት ገዛሁ። በነጋታው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ነበርኩ። የቸኮለ ሰው ንጹሕ ካልሲ አያገኝም። ከባዶዎቹ አንዱን ጥንድ አራገፍኩ፣ መታ መታ አደረግኩና አጠለቅኩ። ቲኬት ቆራጩ ሲያየኝ እጁን ዘረጋልኝ። «ፖሌ» አልኩት እኔ፣ በተራዬ።

ናይሮቢ ብርድ ነው ብያለሁ። መንገዱ ግን ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥር ይሞቃል። እግሬ ማላብ ጀመረ። በመጀመሪያ ደስ የሚል ሙቀት ነበር። ቀጥሎ ማሳከክ። ምቲቶ አንዴይ ለምሳ ስንቆም እግሬ ድልህ ሆኗል። ሲፈጭ እኔ ነበርኩ፣ በደንብ ያቃጥል ያልኩትም እኔ ነበርኩ፤ አሁን ለማን ይነገራል? ባሱ እንደገና ሲነሳ አልቻልኩም፤ ጫማዬን አወለቅኩ። ካልሲውን በመስኮት አራገፍኩ። ነፋሱ መልሶ ወደ ውስጥ አገባው። አጠገቤ የነበሩ እናት አስነጠሱ። ከፊታቸው ያለው አስነጠሰ። ሾፌሩ ጋ ደረሰ። ረዳቱ መጥቶ የነገረኝን ስዋሂሊ ማንም አልተረጎመልኝም፤ ፖሌ የሚል ቃል ግን አልሰማሁበትም።

ሞምባሳ ቆንጆ ናት ይላሉ። እኔ የሕንድ ውቅያኖስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እግሬን ለመንከር ስሮጥ ነው። ፖርቱጋሎች የሠሩትን የፎርት ጂሰስን ግንብ ያየሁት በሦስተኛው ቀን፣ በነጠላ ጫማ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቴ ገባሁ። ቦርሳው ስድስት ኪሎ ሆኖ፣ የሹራቤ ቀኝ እጅጌ ቢታጠብም ሽሮ ሽሮ እያለ። እማዬ አገላብጣ ሳመችኝ። ከሳህ አለች። ከዚያ ቦርሳውን ከፍታ እስከ ታች በረበረች። በርበሬው ማለቁን ስታይ ደስ አላት። ሽሮው ማለቁን ስታይ ይበልጥ ደስ አላት። አሁንም ግን ትፈልጋለች። የጎን ኪሶቹን ሳይቀር።

«ምን ጠፋሽ እማዬ?»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ፌስታሎቼስ?»