የገጠር ትምህርት ቤታችን ምን ይሁን? የቀበሌውን ሰው እንዴት እንደጠየቅኩ

ከአዳማ ወጣ ብሎ የተማርኩበት የገጠር ትምህርት ቤት አለ። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምራል። አምና ግን 7ኛና 8ኛ ክፍል አስፋልት ዳር ወዳለው ትልቅ ትምህርት ቤት ሊዛወሩ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬው መነሻ አለው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እስከ 6ኛ ያለውን አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛን መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛን ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ከፍሏል። የወላጅ መምህር ኅብረቱ «ሕዝቡ የሚለው ይሰብሰብና ለወረዳ ይቅረብ» አለ። አዳማ የምንኖር የቀድሞ ተማሪዎች ሥራውን ተረከብን፤ ሰው የማነጋገሩ ድርሻ የኔ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ሰው ይጠቀምበት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሠራሁት ልጻፍ።

የደብዳቤውን ጣጣ በአጭሩ ልለፈው። ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አጻፍኩ፣ ለቀበሌው ሊቀመንበርና ለርዕሰ መምህሩ አደረስኩ። አሰልቺ ነው፤ ግን ያለሱ ሰው አፉን አይከፍትም።

ጠቅላላ ስብሰባ አልጠራሁም። ትልቅ ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ሁልጊዜም የሚናገሩት ሰዎች ናቸው። እናቶች ከኋላ ተቀምጠው ይሰማሉ፣ ከዚያ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ስለዚህ ዕድር ከተሰበሰበበት ላይ ዳኛውን ጥቂት ደቂቃ ለመንኩ። ሰው አንዴ ተሰብስቧል፣ ሥራ ፈትቶ ሁለተኛ አይጠራም። እዚያ ቁርጡን ነገርኳቸው፦ ገንዘብ የለኝም፣ ከኤንጂኦ አልመጣሁም፣ ወረዳውም ቃል የገባው ነገር የለም። ይህን ማለት ዋጋ አለው። ሰው ዕርዳታ ይመጣል ብሎ ካሰበ ይመጣል የሚለውን ነገር ይጠይቃል። አይመጣም ሲባል ግን የሚቸግረውን ይናገራል። ከዚያ በኋላ እናቶችን ለብቻ፣ አባቶችን ለብቻ፣ ተማሪዎችን ለብቻ፣ ትምህርት ያቋረጡትንም ለብቻ አነጋገርኩ። ጨዋታው ሁሉ በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ ማስታወሻውንም በዚያው ያዝኩ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ የጥያቄው አነሳስ ነው። «ከትምህርት ቤቱ ምን ትፈልጋላችሁ?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ ተጨማሪ ክፍል ይሠራ፣ አጥር ይታጠር፣ ደረጃው ይደግ። ሐሰት አይደለም፣ ግን የትም ቀበሌ ብትሄዱ የምትሰሙት ነው። እኔ የጠየቅኩት ስለ አንድ ልጅ ነው። ልጅሽ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ምን ትሠራለች? ስንት ሰዓት ትወጣለች? በየትኛው ወር ነው ከትምህርት የምትቀረው?

ለመጨረሻው ጥያቄ አንድ ጆንያ መሬት ላይ አነጠፍን። በከሰል አሥር ሳጥን ሣልንበት፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ። እናቶቹ ልጅ በሚቀርበት ወር ላይ የቦሎቄ ፍሬ እንዲያስቀምጡ ጠየቅኩ፤ ብዙ ከቀረ ብዙ፣ ጥቂት ከቀረ ጥቂት። መጀመሪያ ተሳሳቁ። አንዲት እናት እፍኝ ሙሉ ዘግነው ኅዳር ላይ አፈሰሱት። ሌላዋ ታኅሣሥ ላይ ጨመሩ። የጤፍ አጨዳ ነው። ከዚያ የካቲትና መጋቢት ላይ ሌላ ክምር ወጣ። ያ የውሃ ወር ነው፤ ኩሬው ሲደርቅ አህያና ጀሪካን ይዞ የሚሄደው ልጅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ። ርዕሰ መምህሩ የስም መጥሪያውን አምጥተው ሲያስተያዩት ክምሩና የቀሪው ምልክት ገጠመ።

እዚያ ጆንያ ላይ ያየሁት ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ጥር ላይ ነው። ልጁ ኅዳርና ታኅሣሥን ማሳ ላይ ውሎ ጥር ላይ ይፈተናል። ይወድቃል። «ሰነፍ ነው» ይባላል። ይደግማል፣ ከዚያ ይተዋል። ልጁ ምን በወጣው!

አባቶች ዘንድ የከበደኝ ተስፋ መቁረጡ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቅ የለም፣ ወሬው ግን ሁሉ ቤት ገብቷል። «ተምሮስ?» ይላሉ። አዋሽ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም እርሻ ላይ የቀን ሥራ የሚሄድ ልጅ ማታ ብር ይዞ ይገባል። ይህን ጥያቄ በምክር ለማለፍ አልሞከርኩም። እንዳለ ጻፍኩት፤ የወረዳ ሰው ሊያነበው ይገባል።

አንድ ምክር ልስጥ፦ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤቱ ያወጡትን ፈልጉ። እኛ ጋ አቅም ያለው ልጁን አዳማ ቤት ተከራይቶ ያስተምራል። እኔም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ ነው የተማርኩት፤ በሶና ደረቅ እንጀራ ተሸክሜ እሑድ ማታ እገባ ነበር። አሁን ግን ከ5ኛ ክፍል የሚልኩ አገኘሁ። ለምን ስላቸው ስለ ሕንፃው ያነሳ የለም። «መምህር ስለማይገባ» ነው ያሉት።

መምህራኑን ስጠይቅ ደግሞ ሌላ ገጽ አለው። አብዛኞቹ አዳማ ነው የሚያድሩት። ቀበሌው ውስጥ የሚከራይ ቤት የለም፣ ውሃ የለም። ጠዋት ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ዝናብ ከጣለ በእግር። የደሞዛቸውን ብዙውን መንገድ ይበላዋል። አንዱ መምህር «ማደሪያ ቢኖረኝ ማታ ማታ አስጠናቸው ነበር» አለኝ። ይህን ለአባቶች ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና አንድ ሽማግሌ «ቦታውን እኛ እንሰጣለን፣ እንጨቱንም እኛ» አሉ። በኔ እምነት የገጠር ትምህርት ቤት ጉዳይ ያለው እዚህ ነው፤ መምህር የሚያድርበት ቀበሌ ትምህርት ቤቱም ይቆያል።

ስለ ማዛወሩ ሐሳቡ ተከፋፈለ። አባቶች በደፈናው አይሆንም አሉ። ተማሪዎቹ ግን ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ካለ እንሄዳለን አሉ። ሴቶቹ ተማሪዎች ሁለት ነገር ጨመሩ፦ በር ያለው መጸዳጃ ቤት፣ እና ተያይዘው የሚሄዱበት ሰዓት። እናቶች አስታራቂ ሐሳብ አመጡ። ማዛወሩ ነገ ወደ ታች ክፍሎች ቢወርድ እንኳ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለው ሕፃን ከሠፈር አይንቀሳቀስ፤ ትልልቆቹ ግን እዚያ የምሳ ምገባ ካለ ይሂዱ። ወጪውንም በኦሮሞ የመረዳጃ ባህል፣ በቡሳ ጎኖፋ፣ ሁሉም ካለው እያዋጣ ይሸፍነው አሉ። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ያንን መንገድ በፀሐይ አይሄደውም።

ጽሑፉን ለወረዳ ከመስጠቴ በፊት ዕድሩ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ይህን እንዳትዘሉ። የውሃው ችግር ጽሑፉ ግርጌ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እናቶች «ይህ መጀመሪያ ይምጣ» አሉ፣ መጣ። አንዱ ቅጂ ለወረዳ ሄደ፣ አንዱ ዕድሩ ጋ ቀረ።

ወረዳው ስለ ማዛወሩ ገና አልወሰነም። ትምህርት ቤቱ ግን ዘንድሮ በአጨዳ ወራት ትምህርቱን ጠዋት በጊዜ ጀምሮ ቀድሞ ለመልቀቅ፣ ለቀሩት ደግሞ ከፈተናው በፊት ማካካሻ ለመስጠት ተስማምቷል። ወረዳው ሲጠራ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ጋር የሚሄዱ ሁለት እናቶችም ተመርጠዋል።