አዲስ ነገር ከመጨመር በፊት፦ የአልጀብራ ሶፍትዌር ዕቅዴ የት ደረሰ?

በሲምፓይ ላይ የጀመርኩት ትምህርት ከምን እንደደረሰ እንድጽፍላችሁ ከጠየቃችሁኝ ቆይቷል። ለማታውቁት፣ ሲምፓይ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ማንም በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበትም ሊያሻሽለውም የሚችል የአልጀብራ ሶፍትዌር ነው። ካልኩሌተር ከቁጥር ቁጥር ያወጣል፤ ይህ ግን ተለዋዋጮቹን እንደያዘ ያባዛል፣ ያቃልላል፣ ኢንቴግራል ያወጣል፣ እኩልታ ይፈታል። ምልክቶቹን በላቲን ፊደል መሰየም ግዴታ አይደለም። «ሀ» እና «ለ» ብላችሁ ብትጠሯቸው ያለ አንዳች ቅሬታ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ፕሮጀክት የሚቀላቀል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የጎደለ ነገር ፈልጎ ስለመጨመር ነው። አንድ አዲስ ተግባር፣ አንድ አዲስ ቀመር፣ ከሥሩም የራስ ስም። እኔ የቀጣዩን ጊዜ ዕቅድ የጀመርኩት ከሌላ ጫፍ ነው፤ ለዚህም ምክንያት የሆኑኝ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስንገናኝ አልፎ አልፎ ከአጠገባችን ይቀመጣሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። የኮምፒውተር ነገር ብዙም አይስባቸውም። ሶፍትዌሩ የማትሪክስን (በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ አገላለጾችን) ዲተርሚናንት፣ ማለትም ከእነዚያ የሚሰላውን አንድ ዋጋ፣ ሲያወጣ ባሳያቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ለመሆኑ ዜሮ ሲገጥመው ዜሮ መሆኑን ያውቃል?» አሉኝ።

«እንዴት አያውቅም ጋሼ!» ስላቸው ወረቀት ሳቡና ሁለት ረድፍ ጻፉልኝ። በመጀመሪያው 1 እና ሀ+1፣ በሁለተኛው ሀ−1 እና ሀ²−1። ዲተርሚናንቱ (ሀ²−1) − (ሀ+1)(ሀ−1) ይሆናል። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ተማሪ ዜሮ መሆኑን በዓይኑ ይለየዋል። ሶፍትዌሩ ግን ይህን የሚያስቀምጠው በዛፍ መልክ ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ የሁለት ቅንፎች ብዜት፣ ሌላው የካሬና የቁጥር ልዩነት። ቅርጻቸው ስለማይመሳሰል፣ ቅንፉ ተፈትቶ ካልተደመረ በቀር አንዱ ሌላውን እንደሚያጠፋው አይታይም። ረድፎችን እያባዛ እየቀናነሰ ማትሪክሱን የሚያቃልለውን የጋውስን የማስወገጃ ዘዴ ስንጠቀም ደግሞ በየደረጃው ማካፈል አለ፤ የተደበቀ ዜሮ አካፋይ ሆኖ ከገባ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከንቱ ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ ቅንፉን ይፍታ እንዳንል፣ (ሀ+1) 100 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 101 ቁርጥራጭ ያወጣል። ሳይን፣ ኤክስፖኔንሺያልና ፍጹም ዋጋ ሲቀላቀሉበት ደግሞ ነገሩ ከፍጥነት ያለፈ ይሆናል። ሪቻርድሰን የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳረጋገጠው፣ እንዲህ ያሉ አገላለጾች ዜሮ መሆን አለመሆናቸውን በማንኛውም ሁኔታ የሚወስን አንድ አጠቃላይ ዘዴ የለም። የጋሼ ጥያቄ የዋህ አልነበረም ማለት ነው።

መውጫው ሁሉንም በአንድ ዓይነት ዕቃ አለማስቀመጥ ነው። ፖሊኖሚያል (የተለዋዋጭ ኃይሎች በቁጥር ተባዝተው የተደመሩበት) ከሆነ ሀ²−1ን በዛፍ ፈንታ «1፣ 0፣ −1» ብሎ በቁጥሮች መመዝገብ ይቻላል፤ በቅደም ተከተል የሀ² ብዜት፣ የሀ ብዜት እና ብቻውን ያለው ቁጥር ናቸው። (ሀ+1)(ሀ−1) ሲባዛም ያንኑ «1፣ 0፣ −1» ይሰጣል። ሲቀናነሱ ሁሉም ዜሮ። እዚህ ላይ ዜሮ የሚጻፍበት መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ መጠራጠር የለም። በሲምፓይ ውስጥ ይህን ሐሳብ ወደ ማትሪክስ ያመጣው ክፍል ዶሜይን ማትሪክስ ይባላል፤ እያንዳንዱ ማትሪክስ አባሎቹ ከየትኛው የቁጥር ወይም የፖሊኖሚያል ዓይነት እንደሆኑ አስቀድሞ ይዟል። ወደፊት ሊሠራ ከሚገባው ሁሉ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ነው፦ ተጠቃሚው ከላይ የሚያየው ሳይለወጥ፣ ከሥር ያለው ስሌት ወደዚህ እንዲዛወር።

ፍጥነቱም ከዚሁ ጋር ይመጣል። ሲምፓይ ሲፈጠር ጀምሮ የያዘው አቋም ፓይተን ባለበት ሁሉ፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ቢሆን፣ መሥራት ነው፤ የግድ የሚፈልገው ሌላ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ኤምፒማዝ የተባለው ብቻ ነው። አቋሙ ዋጋ ያስከፍላል፤ ፓይተን በራሱ ለከባድ ስሌት ቀርፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 1.13 እትም መካከለኛ መንገድ ከፈተ፦ በሲ ቋንቋ የተጻፈው ፍሊንት የተባለ ፈጣን የስሌት ላይብረሪ ከተጫነ ሥራውን ለእርሱ ያስተላልፋል፤ ካልተጫነም በራሱ አቅም ይዘልቃል። ይህ አካሄድ ለእኛ ዓይነቱ ተጠቃሚ የታሰበ እስኪመስለኝ ድረስ ደስ ብሎኛል። በእርግጥ የማይረዳበትም አለ። ሁሉም አባሎቹ የተለያዩ ምልክቶች የሆኑበት ባለ 10 ረድፍ ካሬ ማትሪክስ ዲተርሚናንት ሲዘረዘር 3,628,800 ቁርጥራጭ አለው፤ መልሱ ራሱ ይህን ያህል ከሆነ ፍሊንትም አያድነንም።

ከዕቅዱ ሁሉ የሚያስቸግረው ግን መጨመሩ ሳይሆን መተዉ ነው። 2(ሀ+ለ) ብላችሁ ስትጽፉ ሲምፓይ ሳይጠየቅ 2ሀ+2ለ ያደርገዋል። ሐ(ሀ+ለ) ብትሉት ግን እንዳለ ይተወዋል። ለምን እንደዚያ? በመጀመሪያ ላይ እንዲህ ተሠራ፣ ሰውም ለመደው። ዛሬ ቢነሳ፣ በዚህ ጠባይ ላይ ተመሥርተው የተጻፉ የሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞች የተለየ ውጤት መስጠት ይጀምራሉ። እኔ ብጠየቅ ሶፍትዌሩ ካልታዘዘ እጁን ባይሰነዝር እመርጣለሁ። ሆኖም ነባሩን ከማፍረስ ይልቅ በራሱ ምንም የማይለውጥ ሌላ የአገላለጽ ዓይነት ከጎን ቢሠራ፣ ውስጣዊ ስሌቱም ቀስ በቀስ ወደዚያ ቢሸጋገር የሚያዋጣ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ «ክፍት ምንጭ እኮ ደቦ ነው፣ ተረዳድተን እንጨርሰዋለን» የሚል አይጠፋም። አይመስለኝም። በደቦ የማሳው ባለቤት ይታወቃል፤ የት ይታረስ የሚለውም እርሱ ነው። እዚህ ዕቅድ ቢጻፍም ማንንም ማዘዝ አይቻልም፤ ሥራው የሚከናወነው የሚሠራው ሰው ካገኘ ብቻ ነው። ማክሲማ (Maxima) የተባለውን ሌላ ነፃ የአልጀብራ ሶፍትዌር ተመልከቱ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው፣ በአጠራር የሚመሳሰለው ነባሩ Macsyma ነው። ከ1982 ጀምሮ አንዱን ቅጂ ይዞ ያቆየው ዊሊያም ሼልተር ነው፤ በ1998 በነፃ ለሕዝብ የመልቀቅ ፈቃድ አገኘ፣ በ2001 አረፈ። ፈቃዱ ከመሞቱ በፊት ባይገኝ ኖሮ ተጠቃሚዎቹ ተሰባስበው የሚያስቀጥሉት ነገር አይኖርም ነበር። ስለዚህ በማንኛውም ዕቅድ ውስጥ መጀመሪያ የምፈልገው «ይህን ክፍል ከአንድ ሰው በላይ ያውቀዋል ወይ?» የሚለውን ነው።

የእኔ ሥራ እስካሁን ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው ፈተሻ (ኮዱ ትክክል መሥራቱን የሚመረምር ትንሽ ፕሮግራም) መጻፍና ማብራሪያ ማስተካከል። በሕንፃ ንድፍ የምትሠራው ጓደኛችን ያመጣችው የቢም ስቲፍነስ ማትሪክስ (አግዳሚ ተሸካሚ ለመታጠፍ ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳይ) ግን ብዙ አስተምሮኛል። ርዝመቱን «ር» ካልነው፣ የመቀነስ ምልክቱን ትተን፣ አባሎቹ 12፣ 6ር፣ 4ር² እና 2ር² ናቸው፤ ሁሉም በአንድ የጋራ ክፍልፋይ ይባዛሉ፤ ከታች ር³ ያለበት። ክፍልፋዩን በየአባሉ ውስጥ ከተዋችሁት ሶፍትዌሩ በየእርምጃው ክፍልፋይ ሲያጣፋ ይውላል። ወደ ውጭ ካወጣችሁት ግን የሚቀረው ንጹሕ ፖሊኖሚያል ነው። ቢሞቹ እኩልና አንድ ዓይነት ከሆኑ ይህ ማውጣት ለጠቅላላው ሕንፃ ማትሪክስም ይሠራል። ትልቁ ማትሪክስ ደግሞ አብዛኛው ዜሮ ስለሆነ፣ ዜሮ ያልሆኑትን ብቻ የሚይዘውን የዶሜይን ማትሪክስ ዓይነት መምረጥ ነው።

ለመጀመር ለምትፈልጉ ሁለት ነገር ልበል። ኮዱን ስታወርዱ የለውጦቹን ሙሉ ታሪክ ትታችሁ የቅርቡን ብቻ ውሰዱ፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ልዩነቱ ብዙ ነው። ፈተሻውንም ሁሉንም አታስኪዱ፤ የነካችሁትን ክፍል ብቻ ፈትሹ፣ ቀሪውን የለውጥ ጥያቄ ስታቀርቡ የፕሮጀክቱ ማሽኖች ይፈትሹታል።

እስከ መስከረም ድረስ የምሠራው የተደበቀ ዜሮ ያለባቸውን ማትሪክሶች መሰብሰብና እያንዳንዱን ወደ ፈተሻ መቀየር ነው። ጋሼ በእጃቸው ጽፈው የሰጡኝ አንድ ገጽ ሙሉ አለ፤ አንዳንዶቹ ክፉዎች ናቸው። ኮምፒውተራችሁን ያስቆመ ማትሪክስ ካላችሁም ቅዳሜ ይዛችሁልኝ ኑ፤ የመጣበትን እኩልታ ጭምር እንጂ ማትሪክሱን ብቻ አይሁን።