ቀጭኔ ማን አየና ነው?

ሰሞኑን ለጠፋሁባችሁ ይቅርታ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ ነበር። ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት (እዚሁ አዲስ አበባ፣ ስሙ ይቆየን) አጥሩ ላይ ስዕል ይሳልበት ተባለና የወላጅ ስብሰባው ላይ ሁሉም ሲያቀረቅር እኔ አፌ አላርፍ ብሎኝ "አግዛለሁ" አልኩ፣ በቃ ከዛ ወዲህ ቅዳሜ የሚባል ነገር የለኝም።

መጀመሪያ የመጣው ሀሳብ ያው የምታውቁት ነው፣ አንበሳ፣ ቀጭኔ፣ ፏፏቴ ምናምን። ግን ቀጭኔ እኛ ሰፈር ማን አየና ነው? እስቲ አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡኝ ብዬ አራተኛ ክፍሎችን ደብተርና እርሳስ አስይዤ ሜዳው ላይ አስቀመጥኳቸውና የምታዩትን ብቻ ሳሉ፣ ቲቪ ላይ ያያችሁትን አይደለም አልኳቸው።

አስር ደቂቃ ሳቅና ግፊያ ነበር፣ ከዛ ጸጥ አሉ። ለካ ግቢው ሙሉ ነው! ጣሪያው ላይ ያ ምንቃሩ መዶሻ የሚያክለው ቁራ አለ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ አንዷ ልጅ "ቲቸር፣ ቄስ ይመስላል" ብላ ጥምጥም አስራ ሳለችው። ሳሩ ላይ ደሞ ያቺ ጠዋት ጠዋት በቤታችን ላይ እየጮኸች የምታልፈው ወፍ፣ ማጭድ የመሰለ ምንቃር ያላት፣ ጉሮሮዋ ስር ቆዳ የተንጠለጠለባት። ጩኸቷን ሁሉም ያውቃል፣ ስሟን ግን አንድም ልጅ አያውቅም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም። የጥበቃው አባባ ናቸው ከበሩ ሆነው "ጋጋኖ ናት እኮ፣ ምን ታፈጣላችሁ" ያሉን። ቤት ገብቼ ሳነብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የትም አትገኝም፣ እኛ ግን ቀጭኔ ልንስል ነበር።

ሀሳብ ለመቃረም መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ሄድኩ፣ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ የሰሩት፣ በ2011 የተከፈተው። እዛ ስዕሉ ግድግዳው ላይ አልተሰቀለም፣ ጭቃው ራሱ ነው ስዕሉ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ማቆየት አቅቶኝ ነበር። እኛ ያ አቅም የለንም ግን አንድ ነገር ሰረቅኩ፣ አጥሩ ላይ የምንስለው የወይራ ዛፍ ግንድ ላይ ሲሚንቶና አሸዋ ወፈር አድርገን ለጠፍንና ሳይደርቅ ልጆቹ በማበጠሪያ ጫሩት (ጓንት አድርገው ነው አትሳደቡ)፣ ቁርጥ የወይራ ቅርፊት።

ከስዕሉ በላይ የፈጀን ግን ዝግጅቱ ነው። ብሎኬቱ በክረምት ውሃ ይጠጣና ከስሩ ነጭ ጨው ያወጣል፣ የድሮው ቀለም እንደ ሽንኩርት ይላጥ ነበር። አንድ አባት ዘይት ቀለም እንቀባው ይታጠባል ብለው ድርቅ አሉ፣ እርጥብ ግድግዳ በዘይት ቀለም ከታሸገ እኮ ውሃው መውጫ ያጣና ቀለሙን አሳብጦ ነው የሚገነጥለው፣ ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ አጥሩ ስር የተከመረውን አፈር ቆፍረን አነሳን፣ አሮጌውን በሽቦ ብሩሽ ፍቀን ሶስት ሳምንት ፀሐይ እንዲመታው ተውነው፣ ከዛ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባው)፣ ከዛ ለውጪ ግድግዳ የሚሆን በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም።

ለአደይ አበባው ቢጫ እንዲገዛ የላክነው ልጅ የቁራ መልክተኛ ሆኖ ቀረ፣ አመሻሽ ላይ መጣ፣ ያውም ክሬም ይዞ። አልጣልነውም፣ የጋጋኖዋ ክንፍ ላይ ነጭ አለ አይደል፣ እሱ ሆነ።

አሁን ሊያልቅ ሁለት ቅዳሜ ሲቀረው ርዕሰ መምህርቷ መጡና ዞር ዞር ብለው አይተው "በጣም ያምራል፣ አንበሳውስ?" አሉ። ተደራድረን በሩ አጠገብ አንድ ትንሽ አንበሳ እንዲገባ ተስማማን። ልጆቹ ደሞ በአንድ ድምጽ ወስነዋል፣ ቄሱ ቁራ አናቱ ላይ ይቆማል።